ፍጥሞ ደሴት መሄድ ላሰባችሁ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አቴንስ ነው የምኖረው፣ ፍጥሞ ደግሞ እስካሁን አራት ጊዜ ሄጃለሁ፣ አንዱን ጊዜ እናቴን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ አብረን ነው የሄድነው። ከዛ ወዲህ ዘመድም ጓደኛም ከአዲስ፣ ከዲሲ፣ ከዱባይ እየደወለ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ አይነት ስለሆነ እዚ ላይ ሰብስቤ ጻፍኩት። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ፣ ፍጥሞን ለግማሽ ቀን ብቻ ብላችሁ አትሂዱ። እኔ መጀመሪያ እንደዛ አድርጌው ነው የተቆጨሁት።

ፍጥሞ እና ፓትሞስ አንድ ናቸው እንዴ?

አዎ አንድ ናቸው። ራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 1 ቁጥር 9 ላይ "ፍጥሞ በምትባል ደሴት" ተብላ የተጠራችው እራሷ ናት፣ ግሪኮቹ ፓትሞስ ይሏታል፣ ካርታ ላይም መርከብ ትኬት ላይም ፓትሞስ ብላችሁ ነው የምትፈልጉት። ብዙ ሰው ፍጥሞ የሆነ የጠፋ የጥንት ቦታ ይመስለዋል፣ ግን ዛሬም ሰው የሚኖርባት፣ ትምህርት ቤት ያላት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱባት ወደ 3000 ሰው ገደማ ያላት ትንሽ ደሴት ናት። ስፋቷ ወደ 34 ካሬ ኪሎሜትር ነው። በትውፊቱ ቅዱስ ዮሐንስ በሮማው ንጉሥ በድምጥያኖስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ በ95 አካባቢ ተግዞ ነው የመጣው፣ ራእዩን ያየው እዚ ነው፣ ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ ደግሞ እሱ እየነገረው ጻፈ ይባላል።

የት ነው ያለችው? አውሮፕላን ይሄዳል?

አውሮፕላን አይሄድም፣ ኤርፖርት የላትም። እኔ በበኩሌ ይሄ ነው ያዳናት ብዬ ነው የማምነው ምክንያቱም ሰው እንደ ሌላዋ የግሪክ ደሴት እንደ ሳንቶሪኒ አይጎርፍባትም። ያለችው ከግሪክ በስተምስራቅ ቱርክ አጠገብ፣ ዶዴካኒስ በሚባሉት ደሴቶች ውስጥ ነው፣ ራእዩ የተላከላቸው ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት እነ ኤፌሶን እነ ሰርዴስ የነበሩት እዛው ማዶ ዛሬ ቱርክ በሚባለው ምድር ነው። ካርታውን ከፍታችሁ ፍጥሞን እና ኤፌሶንን አንድ ላይ ስታዩ መጽሐፉ ሌላ አይነት ሆኖ ይነበባችኋል፣ እኔ እንደዛ ሆኖብኛል።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ በትልቅ መርከብ ነው፣ ብሉ ስታር የሚባለው የመርከብ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ይሄዳል፣ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ብዙ ጊዜ የሚያደርሳችሁም ሌሊት ነው። ስለዚ ማደሪያችሁን ሳትይዙ እንዳትሄዱ፣ የምታድሩበትን ቤት ሰውዬ ወይም ሴትዮ ደግሞ መርከቧ በስንት ሰዓት እንደምትገባ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ብዙዎቹ ወደብ ድረስ መጥተው ይቀበሏችኋል። ሁለተኛው መንገድ ከኮስ፣ ከሳሞስ ወይም ከሮዶስ በፈጣን ጀልባ ነው፣ ኮስ እና ሳሞስ ከውጭ ቀጥታ በረራ ስላላቸው ከአውሮፓ ለምትመጡ ይቀላችኋል። ኮስና ሮዶስ ማለት የሐዋርያት ሥራ 21 ላይ ቅዱስ ጳውሎስ ያለፈባቸው ቆስ እና ሩድ ናቸው።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ትኬቱ ላይ 15:00 ካለ በኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው፣ እናቴ ትኬቷን አይታ "ሰዓቱ ምንድነው እንዲህ የሚል" ብላ ደጋግማ ጠይቃኛለች። ፒሬየስ ወደብ በጣም ሰፊ ነው፣ በሩ በቁጥር ነው፣ የዶዴካኒስ መርከቦች ብዙ ጊዜ ኢ1 ከሚባለው በር ነው የሚነሱት እና እሱ ከሜትሮው ራቅ ይላል፣ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት እዛ ሁኑ።

ቪዛ ያስፈልገኛል?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ አዎ፣ ግሪክ ሼንገን ውስጥ ስለሆነች የሼንገን ቪዛ ነው። ሌላ የሼንገን አገር የሰጣችሁ ቪዛ ካላችሁ እሱ ይሰራል፣ ቀኑ እስካላለፈ ድረስ። ጀርመን ወይም ጣልያን ወይም ስዊድን መኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፣ ፈቃዱንና ፓስፖርቱን ብቻ ያዙ። የአሜሪካ እና የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ለ90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። ገልፍ ያላችሁ እዛው ያላችሁበት አገር ካለው የግሪክ ቪዛ ማመልከቻ ቦታ ነው የምታመለክቱት፣ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ከጉዞው በኋላም የሚቆይ መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጡ።

ስንት ቀን ይበቃል?

ቢያንስ ሶስት ሌሊት። ምክንያቱን ልንገራችሁ፣ ጠዋት ጠዋት የቱሪስት መርከቦች ይመጡና በመቶ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ያወርዳሉ፣ ያ ሁሉ ሰው በአውቶብስ ተጭኖ ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየበትን ዋሻና ትልቁን ገዳም አይቶ ከሰዓት ይመለሳል። ዋሻው ደግሞ ጠባብ ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት እንደዛ ነበር፣ ከፊቴም ከኋላዬም ሰው እየገፋኝ፣ አስጎብኚው በአምስት ቋንቋ እየጮኸ፣ ሳልጸልይ ወጣሁ። ሁለተኛ ስሄድ እዛው አድሬ በሩ ሲከፈት ገባሁ፣ ውስጥ እኔ እና አንድ አሮጊት ግሪክ ብቻ ነበርን። ለዛ ነው አድሩ የምለው። የቀሩትን ቀናት ደግሞ መንደሮቹ እና ባህሩ ይሞሉላችኋል፣ አምስት ቀን ካላችሁ አምስቱንም ትጠቀሙበታላችሁ።

ዋሻው ውስጥ ምን አለ?

የራእይ ዋሻ የሚገኘው ከወደቡ ከስካላ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሆራ ሲወጣ መሀል መንገድ ላይ ነው። ከውጭ ስታዩት ነጭ የሆነ ገዳም ነው የሚመስለው፣ ዋሻ አይመስልም፣ ደረጃ እየወረዳችሁ ትሄዱና የቅድስት ሐና ጸሎት ቤት ከዋሻው ጋር ተያይዞ ታገኙታላችሁ፣ ግማሹ ቤተክርስቲያን ግማሹ አለት ነው።

ውስጥ ላይ ጣራው አለት ነው፣ ያ አለት ሶስት ቦታ ተሰንጥቋል፣ ድምፁ ሲመጣ ነው የተሰነጠቀው ይላሉ፣ የሥላሴ ምሳሌ ነውም ይላሉ። ግድግዳው ላይ ዝቅ ብሎ በብር የተከበበ ጎድጓዳ ቦታ አለ፣ ቅዱስ ዮሐንስ ጭንቅላቱን ያሳረፈበት ነው፣ ከሱ በላይ ደግሞ ሲነሳ እጁን የሚይዝበት ትንሽ ቦታ አለ። ጵሮኮሮስ ቆሞ የጻፈበት ነው የሚሉት ደግሞ እንደ አትሮንስ ዘንበል ያለ የድንጋይ ጠርዝ ነው። እናቴ እሱን ስታይ ነው ያለቀሰችው፣ ሌላው ላይ አይደለም፣ "ጻፈለት እኮ፣ እየሰማ ጻፈለት" አለች።

ፎቶ ማንሳት አይቻልም፣ አትሞክሩ። ጠዋት በየቀኑ ይከፈታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከሰዓት የሚከፈተው በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ነው፣ ክረምትና በጋም ይለያያል (እዛ ክረምት ማለት ብርዱ፣ በጋ ማለት ሙቀቱ ወቅት ነው) ስለዚ በመጣችሁ ቀን ያደራችሁበት ቤት ሰዎች ጠይቁ።

ገዳሙስ? ከዋሻው ጋር አንድ ነው?

አይደለም፣ ብዙ ሰው ያቀላቅለዋል። ትልቁ የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ከላይ ሆራ አናት ላይ ነው፣ ከየትም ሆናችሁ የሚታያችሁ ያ ጥቁር ግራጫ ግንብ እሱ ነው። ቤተክርስቲያን ሳይሆን ምሽግ ነው የሚመስለው፣ እውነትም ምሽግ ነበር፣ ከባህር ወንበዴ ለመከላከል ነው ግድግዳው እንደዛ ረዝሞ የተሰራው። ያቋቋመው ክሪስቶዱሎስ የሚባል መነኩሴ ነው፣ እ.ኤ.አ በ1088 የቁስጥንጥንያው ንጉሥ አሌክስዮስ ኮምኒኖስ ደሴቲቱን በሙሉ በማኅተሙ ሰጠው። ያ የ1088 ደብዳቤ እስከዛሬ አለ፣ ገዳሙ ሙዚየም ውስጥ ታዩታላችሁ፣ ረጅም ጥቅልል ነው።

ሙዚየሙ ትንሽ ይከፈልበታል ግን ክፈሉና ግቡ። መጽሐፍ የሚወድ ሰው ከሆናችሁ በተለይ፣ ሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈ የማርቆስ ወንጌል አለ፣ 6ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ቅጠሎቹ ተበታትነው በተለያየ አገር ቢገኙም 33ቱ ፍጥሞ ናቸው። እኛ አገር ብራና ምን ማለት እንደሆነ፣ ፍየል ቆዳ ፍቆ አለስልሶ መጻፍ ምን ያህል ድካም እንደሆነ ስለምናውቅ ከሌላው ቱሪስት የበለጠ የሚገባን ይመስለኛል፣ ሌላው ሰው በሁለት ደቂቃ ሲያልፈው እናቴ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ቀረች። ቤተ መጻሕፍቱ እራሱ ግን ለጎብኚ አይከፈትም፣ ለተመራማሪ ነው፣ ሙዚየም ውስጥ ያወጡትን ብቻ ነው የምናየው። ውስጠኛው የእመቤታችን ጸሎት ቤት ላይ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች አሉ፣ ሳታዩ እንዳትወጡ።

ገዳሙ፣ ዋሻው እና አሮጌው ሆራ ከተማ በ1999 ዩኔስኮ ላይ ተመዝግበዋል።

ተዋሕዶ ነኝ፣ ማስቀደስ እችላለሁ? መቁረብስ?

ገብቶ ማስቀደስ፣ ጧፍ ማብራት፣ ሥዕል መሳለም ማንም አይከለክላችሁም፣ እንደውም ኢትዮጵያዊ ነን ስትሉ ደስ ይላቸዋል። መቁረብ ግን አይቻልም። እኛ እና እነሱ ከኬልቄዶን ጉባኤ፣ ከ451 ጀምሮ ተለያይተናል፣ ወንድማማች ነን ግን ቁርባን አንጋራም። አንዳንድ ሰው ሳያውቅ ተሰልፎ ካህኑ ሲጠይቀው ይደነግጣል፣ እንዳይሆንባችሁ ነው አስቀድሜ የምናገረው። ጥያቄ ካላችሁ የንስሐ አባታችሁን ከመሄዳችሁ በፊት አናግሩ።

በዓሉን በተመለከተ እነሱ ቅዱስ ዮሐንስን የሚያከብሩት በፈረንጅ ሜይ 8 እና ሴፕቴምበር 26 ነው፣ እኛ ደግሞ ጥር 4። ቅዳሴያቸው ረጅም ነው፣ ወንበር አለ፣ ጫማ አያወልቁም፣ እናቴ ጫማ አድርጋ መግባት አልሆንላት ብሎ በካልሲ ነው የገባችው፣ ማንም ምንም አላላትም።

ምን ልልበስ?

ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፣ ሴት ቀሚስ ወንድ ረጅም ሱሪ። አንዳንዴ በር ላይ የሚታሰር ጨርቅ ያበድራሉ ግን እሱን ተማምናችሁ አትሂዱ። ነጠላ የያዘች ሴት ምንም አትቸገርም። ከቢች ቀጥታ በቁምጣ ወደ ገዳም መሄድ ግን አይሆንም፣ መነኮሳት የሚኖሩበት ቤት ነው።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ትችላለች?

ትችላለች ግን ቀስ ብላችሁ። ዋሻው ጋር ደረጃ አለ፣ ወደ ታች ነው የሚወረደው ስለዚ አድካሚው መመለሱ ነው። ገዳሙ ጋር ደግሞ መኪና ሆራ መግቢያ ድረስ ብቻ ነው የሚደርሰው፣ ከዛ በኋላ በድንጋይ የተነጠፈ ዳገት በእግር ነው፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል። እኛ በሁለት ቀን ከፋፈልነው፣ አንድ ቀን ዋሻውን አንድ ቀን ገዳሙን፣ ከስካላ በታክሲ ወጥተን በታክሲ ወረድን። ዱላ ያዙላት፣ ከታች ሰፊ የሆነ ጎማ ጫማ ግዙላት። ጤነኛ ለሆናችሁ ግን ከስካላ ወደ ሆራ የሚወጣ ጥንታዊ የድንጋይ መንገድ አለ፣ ዋሻውን አልፎ ነው የሚሄደው፣ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ በማለዳ በእግር ውጡት፣ ባህሩ ከኋላችሁ እየሰፋ ይሄዳል።

የት መንደር ልደር?

ስካላ ወደቡ ነው፣ ሱቅ፣ ፋርማሲ፣ ባንክ፣ አውቶብስ ሁሉም እዛ ነው፣ መጀመሪያ ለሚሄድ ሰው ስካላ ይሻላል። ወደቡ ላይ ያለው ማማ ያለው ትልቅ ሕንጻ ጣልያን የሰራው ነው፣ እነዚ ደሴቶች ከ1912 ጀምሮ በጣልያን ስር ነበሩ። ይሄንን ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ ምክንያቱም በ1947 ፓሪስ ላይ በተፈረመው ስምምነት ጣልያን እነዚን ደሴቶች ለግሪክ ስታስረክብ በዛው ወረቀት ላይ ነው የኢትዮጵያንም ነጻነት ያወቀችው።

ሆራ ከላይ ያለው ነጭ ከተማ ነው። በጣም ያምራል፣ ሌሊት ጸጥ ይላል፣ ግን ቤቶቹ ውድ ናቸው፣ ለመብላትም ለመውረድም ዳገት ነው። ባታድሩበትም ከሰዓት በኋላ ቱሪስቱ ሲወርድ ውጡና ዝም ብላችሁ በመተላለፊያዎቹ ውስጥ ተዘዋወሩ፣ መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፣ የተሰሩትም ሆን ተብሎ ወንበዴ እንዲጠፋበት ነው ይባላል፣ ጉግል ማፕም እዛ ውስጥ ይጠፋበታል። ሲማንዲሪስ የሚባል የድሮ ቤት አለ፣ ሀብታም ነጋዴ እንዴት ይኖር እንደነበር ታያላችሁ። በ1607 የተመሰረተ ዞዎዶሆስ ፒጊ የሚባል የሴቶች ገዳምም እዛው አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሶስት የነፋስ ወፍጮ አለ፣ ሁለቱ ከ1588 ጀምሮ የቆሙ ናቸው፣ ተጠግነው ዛሬ ይሽከረከራሉ፣ ጀንበር ስትጠልቅ እዛ መቆም ነው።

ግሪኮስ ከስካላ በስተደቡብ ያለ የአሳ አጥማጆች መንደር ነው፣ ባህሩ እንደ ሐይቅ የተኛ ነው፣ ቤተሰብ ይዞ ለመጣ ጥሩ ነው። ካምቦስ በሰሜን ነው፣ እርሻ ያለበት የገበሬ መንደር፣ አደባባዩ ላይ ቤተክርስቲያን እና ሁለት ሶስት ታቨርና (የግሪክ ምግብ ቤት) አለ፣ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ቡና እየጠጡ ያወራሉ፣ ቱሪስት የመሰለ ነገር አይታያችሁም። እኔ ስሄድ ካምቦስ ነው የማድረው።

የትኛው ቢች ይሻላል?

እዚ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ ምክንያቱም ሰው ሁሉ "ፍጥሞ ገዳም ናት፣ ምን ዋና አለ" ብሎ ሳይዋኝ ይመለሳል።

ፕሲሊ አሞስ አንደኛ ነው ለኔ። ስሙ ደቃቅ አሸዋ ማለት ነው፣ እንደ ዱቄት ነው፣ ከኋላ ዛፎች አሉ ጥላቸው ስር ትተኛላችሁ፣ አንድ ታቨርና አለ። መኪና አይደርስበትም፣ ወይ በበጋ ጠዋት ከስካላ በሚነሳው ጀልባ ትሄዱና ከሰዓት በሱ ትመለሳላችሁ፣ ወይ ዲያኮፍቲ ድረስ በመኪና ሄዳችሁ ከዛ ግማሽ ሰዓት ገደማ በእግር ነው። ዲያኮፍቲ ጋር የእንጨት ጀልባ የሚጠግኑበት ቦታ አለ፣ አልፋችሁ ስትሄዱ ቆም ብላችሁ እዩ። ለመንገዱ ውሃ እና ኮፍያ ያዙ፣ ጥላ የለውም።

ላምቢ በሰሜን ጫፍ ነው፣ አሸዋ የለውም፣ ጠጠር ነው፣ ጠጠሩ ግን ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ሐምራዊ፣ መስመር ያለበት፣ ውሃ ሲነካው እንደ ጨሌ ያበራል። ሰው ኪሱ ሞልቶ ይሄድ ነበርና አሁን መውሰድ ክልክል ነው፣ እባካችሁ አትውሰዱ፣ ሁሉም አንድ አንድ ቢወስድ ላምቢ አይኖርም።

ዋና ለማትችሉ (እኛ ደጋ ያደግን ብዙዎቻችን አንችልም) ካምቦስ ቢች እና አግሪዮሊቫዲ ናቸው የምመክራችሁ፣ ውሃው ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው፣ ጃንጥላ እና ወንበር የሚከራይ አለ፣ ልጆችም ይጫወታሉ። ሜሎይ ከስካላ በእግር ይደረሳል፣ መኪና ለሌለው ሰው እሱ ነው። ቫጊያ ውሃው ቀዝቃዛ እና እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው፣ ሙቀት ላቃጠለው ሰው መድኃኒት ነው።

ግሪኮስ አጠገብ ፔትራ የሚባል ጠጠራማ ዳርቻ አለ፣ ጫፉ ላይ ካሊካትሱ የሚባል ትልቅ አለት ቆሟል። አለቱ ተፈልፍሏል፣ ደረጃ፣ ክፍል፣ ጉድጓድ አለበት፣ ባህታውያን ይኖሩበት ነበር ይባላል። እሱን ሳይ የኛ አገር ዋሻ ቤተክርስቲያኖች ናቸው ትዝ ያሉኝ፣ ውጡበት ግን ተጠንቀቁ አጥር የለውም።

ስካላ ጀርባ ሆህላካስ የሚባል አለ፣ ከወደቡ አምስት አስር ደቂቃ በእግር ነው፣ ለዋና ብዙም አይደለም ድንጋዩ ትልልቅ ነው ግን ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ማታ ሄዳችሁ ጀንበር ስትገባ ተመልከቱ።

ለሁሉም የጎማ ጫማ ግዙ፣ ድንጋዩ ላይ እንደ ጃርት እሾህ ያለው ትንሽ የባህር እንስሳ አለ፣ ከወጋ በመርፌ ማውጣት ነው።

ያለ መኪና ይቻላል?

ይቻላል። አውቶብስ ከስካላ ወደ ሆራ፣ ግሪኮስ እና ካምቦስ ይሄዳል፣ ሰዓቱ ትንሽ ነው ስለዚ ማቆሚያው ላይ የተለጠፈውን ፎቶ አንሱ። ታክሲ ወደቡ ላይ ነው፣ ጥቂት ስለሆኑ መርከብ ሲገባ ይሻሙባቸዋል። ስኩተር ወይም መኪና መከራየት ከፈለጋችሁ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ ኢንተርናሽናሉን ከአገር ቤት አውጥታችሁ ኑ። ስኩተር ነድቶ የማያውቅ ሰው ግን እዛ አይጀምር፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው ነፋሱም ይገፋል።

ጾም ላይ ብሄድ ምን እበላለሁ?

ከአቴንስ ይልቅ እዛ ይቀላል ምክንያቱም እነሱም ይጾማሉ። "ኒስቲሲሞ" በሉ፣ የጾም ማለት ነው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ግን አንድ ነገር፣ በነሱ ጾም ኦክቶፐስ፣ ካላማሪ እና ሽሪምፕ ይበላል ደም የለውም ብለው፣ እኛ ደግሞ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን በጭራሽ አንበላም፣ ስለዚ ኒስቲሲሞ ስላሉ ብቻ ዝም ብላችሁ አትብሉ፣ ውስጡ ምን አለ ብላችሁ ጠይቁ። የምትበሉት፦ ፋቫ፣ ይሄ የአተር ክክ ተፈጭቶ በዘይትና በሽንኩርት ነው፣ ለኛ ሰው ይስማማል። ጊጋንቴስ ትልልቅ ባቄላ በቲማቲም። ሆርታ የተቀቀለ ቅጠል በሎሚ፣ ጎመን ነው በሉት። ረቪትያ ሽምብራ ነው። ዶልማዴስ ሩዝ ብቻ ያለበትን ጠይቁ፣ ስጋ ያለውም አለ። እናቴ በርበሬ ከቤት ይዛ ነበር፣ ፋቫው ላይ ነስንሳ ስትበላ ባለ ታቨርናዋ መጥታ ቀመሰችና ጥቂት በወረቀት ጠቅልላ ወሰደች። ለመጠጥ የታሸገ ውሃ ግዙ፣ ደሴቷ ውሃ ያጥራታል።

መቼ ነው ጥሩ? ፋሲካ ላይስ?

ሜይ፣ ጁን፣ ሴፕቴምበር። ሴፕቴምበር ላይ ባህሩ ሞቃት ነው ሰውም ይቀንሳል። ኦገስት ውድና ሙሉ ነው። ክረምት ላይ፣ በነሱ ብርዱ ወቅት ማለት ነው፣ አብዛኛው ታቨርና ይዘጋል፣ ለጸሎት ብቻ ከሆነ ግን ክረምትም ይቻላል።

ፋሲካ ለብቻው ነው። የኛና የነሱ ትንሣኤ በአንድ ቀን ስለሚውል ጾሙንም በዓሉንም አብራችሁ ነው የምታሳልፉት። ጸሎተ ሐሙስ ላይ ሆራ አደባባይ ላይ የገዳሙ አበምኔት የአስራ ሁለት መነኮሳትን እግር ያጥባል፣ ኒፕቲራስ ይሉታል፣ የኛ ሕጽበተ እግር ማለት ነው፣ ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ነው የሚያየው። የዛን ሳምንት ማደሪያ ከወራት በፊት ነው የሚያልቀው።

መርከብ ሊሰረዝ ይችላል?

በደንብ። ጁላይ እና ኦገስት ላይ መልቴሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ አለ፣ ሲበረታ ፈጣን ጀልባዎቹ መጀመሪያ ይቆማሉ፣ ትልልቆቹ መርከቦች ይሻላሉ። እኔና እናቴ አንድ ቀን ሙሉ ተይዘናል፣ ትኬቱን የሸጠልን ሰው ምንም ሳይነግረን ወደብ ሄደን ነው መሰረዙን የሰማነው፣ እድሏ ሆኖ የአዲስ አበባ በረራዋ ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ስለዚ ከደሴቷ በወጣችሁ ቀን ማታ በረራ አትያዙ፣ በመሀል አንድ ሌሊት አቴንስ እደሩ። ትኬት ስትገዙ ስልካችሁን ስጡ፣ መልእክት ይልካሉ።

አጠገቧ ያሉ ደሴቶች ይታያሉ?

ሊፕሲ አጠገብ ናት፣ በጀልባ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል፣ እዛ ያለችው ፓናጊያ ቱ ሃሩ የምትባል ቤተክርስቲያን ሥዕሏ ልዩ ነው፣ እመቤታችን የታቀፈችው ሕፃኑን ሳይሆን የተሰቀለውን ክርስቶስን ነው። አርኪ እና ማራቲ ደግሞ ትንንሽ ናቸው፣ ዋና እና ምሳ ብቻ።

ሰዉስ እንዴት ነው? እንግሊዝኛ ይችላሉ?

ወጣቱ ይችላል፣ ሽማግሌው ትንሽ ትንሽ። ካሊሜራ እንደምን አደራችሁ ነው፣ ኤፍካሪስቶ አመሰግናለሁ። ከየት ነው ሲሏችሁ "ኤትዮፒያ" በሉ፣ ስሙ እራሱ ከግሪክ የመጣ ነው። ካምቦስ ላይ አንድ ሽማግሌ ይሄን ሰምቶ ከወንበሩ ተነስቶ እናቴን እጇን ሳማት፣ ከዛ ቡና አዘዘልን፣ እሷም በአማርኛ እሱም በግሪክኛ ግማሽ ሰዓት አወሩ።

ምን ይዤ ልመለስ?

ከገዳሙ ሱቅ ትንንሽ ሥዕልና ዕጣን አለ፣ ከካምቦስ ማር እና የደረቀ ጠንበለል መሰል ቅጠል ይሸጣል። እናቴ ከዋሻው ደጅ የገዛቻቸውን ጧፎች ነው ይዛ የተመለሰችው፣ ግማሾቹን ጥር 4 ቀን ሰፈሯ ቤተክርስቲያን አብርታቸዋለች፣ የቀሩት አሁንም መሶቧ ላይ አሉ።